ቆጠራ

ሃያ ጨርቅ ከገባ፣ ሃያ ጨርቅ ይወጣል፤
አንዱ ቢጎድልብኝ ሆዱ ክፍት ይቆያል።
ሐኪሙ ቢቆጣ፣ ሌሊቱ ቢነጋ፣
እኔ «ልክ ነው» ሳልል ቁስሉ አይዘጋ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ በንካታ ቤይ፣ ሐይቅ ዳር፣
ቀለሙ ከተላጠ ሰሌዳ ሥር፣
ዐሥራ ሰባት ዓመት ጨርቅ መቁጠር፣ መርፌ መቁጠር።

እንግዶቹንም እቆጥራለሁ፤
ማንም አላዘዘኝም፣ በራሴ ነው የጀመርሁ።
ስፔሻሊስት ሊሆኑ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት የቀራቸው፣
ሊያስተምሩን የሚመጡ፣ በማግስቱ የሚላጥ አፍንጫቸው።
የመጀመሪያውን ወባ ያዘው፤ ተመለሰ።
አራተኛው «እኛ ጋ» ሲል፣ «እኛ ጋ» ሲል ሦስት ወሩ ደረሰ፤
እኛ ጋ የሌለውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረልን፣
ሲሄድም አንድ ካርቶን ጓንት ተወልን፣
ለማናችንም እጅ የማይሆን።

ዘጠነኛዋ ማሬን ናት፣ ፀሐይ ክረምቱን ሙሉ ከማትወጣበት አገር።
ቁመቷ የጀልባ መቅዘፊያ፤
በገባች በወጣች ቁጥር
የጣሪያው መብራት ግንባሯን ይላት ነበር።
የመጣችው ማሶዚን ልታስተምር ነው፣ ማሶዚ ቺርዋን፣ አጭሩን ሰው።
ስሙ በቋንቋችን እንባ ነው፤ ሲያለቅስ ግን አላየሁትም።
የደመወዝ ወረቀቱ «ሐኪም» አይለውም፤
አንጀት ሲታጠፍ፣ ምጥ ሲጠና ግን
በውድቅት የሚንኳኳው የእሱ በር ነው።

መጀመሪያ ቋጠሮ አሳየችው፣ በወንበር መደገፊያ፣ በናይለን ክር።
እሱ የመረብ ጠጋኝ ልጅ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይቋጥር ጀመር።
«ይኼ የኛ አይደለም» አለች።
«የአባቴ ነው። ውሃ ውስጥ አይላላም።»
«ደም ውስጥስ?»
መልስ አልነበረውም። ሳቀች፤ ሳቅን፤ ክሩን በመቀስ ቆረጥሁላት።

ደም ውስጥ ላላ።

መጋቢት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደልቃል፣ ጄኔሬተሩ ያስላል፣
ከዚያ ጭራሽ ዝም ይላል።
ከቺንቴቼ በጀልባ የመጣች ሴት፣ ማኅፀኗ ተቀዶ፤
የስልክ መብራት የያዘልን ጥበቃው ነው፣
እጁን ወደኛ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።
የማሶዚ ቋጠሮ ከእጁ ሸሸ። ደሙ ክርኔን አለፈ።
ማሬን አልጮኸችም። ክሩንም አልነጠቀችውም።
ጣቷን ምንጩ ላይ ተክላ «ድገመው» አለችው፣
«እኔ ባሳየሁህ መንገድ። ቀስ ብለህ።
የትም አልሄድም።»
ደገመው። ያዘ።
ጣቷን ስታነሳ ትንፋሼን እንደ ጨርቅ ቆጠርሁ።
ሠላሳ አንድ ገብቶ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ወጣ።
ሴትዮዋን በሦስተኛው ቀን ኡሲፓ አማራት፣
የተጠበሰ፣ ጨው የበዛበት።

«የትም አልሄድም» ያለችው በሰኔ ሄደች።
መቼም የሚመጡት ሊሄዱ ነው፤
በሚኒባሱ መስኮት ያ ረጅም እጅ እስከ ዳገቱ መታጠፊያ ታየን።
ማሶዚ ምንም አላለም፤
ወደ ውስጥ ገብቶ ሁለት ሄርኒያ ሠራ፣
ሦስተኛውን ለነገ ቀጠረ።

አሁን ኅዳር ነው። ዐሥረኛው ይመጣል ይላሉ፤ ደግሞ
ገንዘቡ ቆሟል፣ አይመጣም ይላሉ።
ሰሌዳው ላይ ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ።

ትናንት ማታ ጠረጴዛው ላይ አንድ ልጅ ነበር፣ የማንጎ ዛፍ የጣለው፣ ጣፊያው የፈነዳ።
ማሶዚ ደም ሥሩን በእሷ ቋጠሮ አሰረ፤
ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።
መርፌ ሊቀበለኝ ወደ ማዶ ሲዞር
መብራቱ ሥር ሲደርስ ጎንበስ አለ።
አጭር ሰው ነው እኮ፤
ቢዘልም አይነካው።

«ቆጠራው?» አለኝ።
ሃያ ገብቷል። ሃያ ወጥቷል።
ጨርቆቹን እንደገና አየሁ፣ ከዚያ መብራቱን፣ ከዚያ እሱን።
«ልክ ነው» አልሁት።
ቆዳውን በአባቱ ቋጠሮ ዘጋው።